ዘላለማዊት ከተማ እንዴት እንደሰጠመች

ጨዋታ የሚጫወቱት ለማሸነፍ ነው ብዬ አምን ነበር። እምነቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። የእኔን ልዩ የሚያደርገው ይህን ተራ ስህተት ቁጥር ሰጥቼ፣ በጠመኔ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ለአንድ ሙሉ ክፍል ማስገልበጤ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሲሳሳት ለራሱ ይሳሳታል፤ መምህር ሲሳሳት ግን ስህተቱ በየደብተሩ ይባዛል።

የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ግርጌ ማስታወሻ» ይሉኛል። አንዱን ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ስለምወርድ፣ ደወል ሲደወል ዋናው ሐሳብ ማንም ግባ እንዳላለው እንግዳ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ስሙን እንዳልሰማሁ አስመስላለሁ፤ እነሱም እንዳልሰማሁ ያመኑ ያስመስላሉ፤ በዚህ መልክ ተከባብረን እንኖራለን።

ከማስተምራቸው ምዕራፎች ሁሉ አብልጬ የምኮራበት የጥንት ከተሞች አወዳደቅ የተባለው ነበር። በየዓመቱ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቦታ ትንፋሽ እየወሰድኩ አቀርበዋለሁ። ነገሩ ባጭሩ፦ ከወንዙ በላይ ያለውን ደን መነጠሩ፤ አፈሩ ተሸረሸረ፤ ወንዙ ሞልቶ ገነፈለ፤ ከተማዋ ጠፋች። እዚህ ላይ መነጽሬን አወልቅና «ገዢዎቿ ደደቦች ነበሩ፤ ዋና ይችሉ እንደሆነ ግን ታሪክ አልመዘገበም» እላለሁ። ክፍሉ ይስቃል። ይስቃል ብዬ አስብ ነበር።

ከጨዋታ ጋር ያነካካችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር መምህርት ስትሆን የተቀጠረችው በኮንትራት ነው። የኮምፒውተር ክፍሉን ከምንም አንስታ ያቆመችው እሷ ናት፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የተጣሉ አሮጌ ማሽኖችን ለምና፣ አቧራቸውን አራግፋ፣ የአንዱን ሆድ ዕቃ ለሌላው እየለገሰች ነፍስ ዘርታባቸዋለች። ርዕሰ መምህሩ ግን ክፍሉን ለሌላ ጉዳይ ከጅሎታል። በግቢው ጥግ የተከመሩት የተሰበሩ ወንበሮች ዝናብ እየጠጡ ስለሆነ መጠለያ ይፈልግላቸዋል። «ልጆቹ እዚያ ገብተው ጌም ነው የሚጫወቱት» የሚል ወሬም ደርሶታል። ወሬው እውነት ነበር። ያጫወተቻቸውም እያወቀች፣ ለትምህርት ብላ ነው። ስለዚህ አንድ ኮሚቴ መጥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያይ ተወሰነ፤ ጌም ለትምህርት ይበጃል ካለ ክፍሉም ኮንትራቷም ይቀጥላሉ፤ አይበጅም ካለ ወንበሮቹ ይገባሉ።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ምዕራፍ ፈልጌ ነበር» አለችኝ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አጠገቤ ቁጭ ብላ።

«ምዕራፌን ምን ልታደርጊው?»

«በጌም እንዲያስተምሩት። ከተማ የሚሠሩበት ጌም ነው፤ ወንዝ አለ፣ ደን አለ፣ ሕዝብ አለ። ከንቲባው እርስዎ ነዎት።»

«በምርጫ ነው ወይስ በሹመት?»

«ጋሼ ሙት፣ አይቀልዱብኝ! ኮሚቴው እኔን አያምነኝም፤ ለእነሱ ጌም የምታጫውት ልጅ ነኝ። ግርጌ… ማለቴ እርስዎ ካስተማሩበት ግን ቁም ነገር ነው ይላሉ።»

«ግርጌ ምን? ጨርሺዋ።»

«ግርጌው ላይ ፊርማዎ ካረፈበት ልል ነው።» ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ካልሆነ ከወንበሮቹ ጋር ቦታ መቀያየራችን ነው። እነሱ ይገባሉ፣ እኔ እወጣለሁ» አለች።

እሺ አልኳት። ለሥጋ ዝምድና ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን «እርስዎ ካስተማሩበት» የምትለው ቃል ጣፍጣኝ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እኔም በዚያች ቅጽበት ውሃ እየጣድኩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ ብቻዬን ገባሁ። የወንድሜ ልጅ ማሽኑን ከፍታ፣ «ልጆቹንም እንዲህ ዝም ብለው ይልቀቋቸው። ይጫወቱ፤ ከዚያ ይጠይቋቸው» አለችኝ።

«ዝም ብሎ የሚለቀቅ ከብት ነው፤ ተማሪ ይመራል» አልኳትና በሩን ከኋላዋ ዘጋሁ።

ከተማዬን «ዘላለማዊት» አልኳት። ስለ ሥልጣኔዎች አወዳደቅ ይህን ያህል ያነበበ ሰው ከተማውን ዘላለማዊት ማለቱ ከንባቡ ምን እንደቀረው ይናገራል። ማውዙን እንደ ጠመኔ አንስቼ ወደ ስክሪኑ ስጠቁም ትንሽ ቆየሁ፤ ጠረጴዛው ላይ መንሸራተት እንዳለበት ሲገባኝ ሥልጣኔ ጀመረ። በየቤቱ ጣሪያ ላይ የሕዝቡን ሁኔታ የሚያሳይ ትንሽ ፊት አለ። ሲርባቸው ፊቱ ይጨማደዳል። የተጨማደደ ፊት ማየት አልወድም፤ ደኑ ደግሞ እዚያው እጄ ሥር ነበር። መነጠርኩት። እርሻ ሆነ፤ ፊቶቹ ፈገግ አሉ። የፈገግታቸውን ዜና የሰሙ ሌሎች ሰዎች መጡ፤ ለእነሱም ሜዳማ በሆነው በወንዙ ዳር ቤት ሠራሁላቸው። እነሱም ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን ተረት ስንት ዓመት በክፍል ውስጥ ተርቼዋለሁ፤ ሲያሳስቀኝ ግን አላወቅሁትም። ሰማዩ ጠቆረ፣ ወንዙ ቡናማ ሆነ፣ ዘላለማዊት ሄደች። ስክሪኑ ላይ «ከተማዎ ጠፍታለች። እንደገና ይሞክሩ?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ካነበብኳቸው የታሪክ መጻሕፍት አንዱም እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም።

እንደገና ሞከርኩ። ግድብ ሠራሁ፤ ግድቡ ከከተማዋ ቀድሞ ሄደ። ቀጥሎ ዛፍ በመትከል ላይ እልህ ተጋባሁና የሚታረስ ቦታ ጠፋ፤ ሕዝቡ ተርቦ ሲሰደድ እኔ ሰው የሌለበት ግሩም ጫካ ከንቲባ ሆኜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ በየምሳ ሰዓቱ በሩን ቆልፌ እጫወት ጀመር። በመጨረሻ ዘላለማዊት ቆመች። ከደስታዬ ብዛት ብድግ ብዬ እጄን አጨብጭቤ ስቀመጥ፣ ወንበሩ ለካ ከእነዚያ ከግቢው ጥግ ዘመዶች አንዱ ኖሮ ከነድሌ ወለሉ ላይ ዘረገፈኝ።

አንድ መምህር የሚሠራውን ስህተት የሠራሁት ከወለሉ ከተነሣሁ በኋላ ነው። የድሉን መንገድ በነጥብ በነጥብ አወጣሁት። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ «ከተማን ከጥፋት የማዳኛ ዘዴዎች» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ሳይጠይቁ ገለበጡ። እኔ የደከምኩበትን እነሱ ለምን ይድከሙበት ብዬ ነው፤ ደግነት ይመስል ነበር። ከደግነቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ተደብቆ ነበር፦ ዝም ብዬ ብለቃቸው ከእኔ ፈጥነው እንዳያሸንፉ ሠግቼ ነበር።

ኮሚቴው መጣ። ሦስት ናቸው። አንደኛው ርዕሰ መምህሩ፤ የቀድሞ ተማሪዬ በመሆኑ ዛሬም ሲያናግረኝ ሳያስበው እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ሁለተኛው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላኩ ባለሙያ፤ ከሞባይላቸው ቀና የማይሉ። ሦስተኛዋ የወላጆች ተወካይ ናቸው፤ የመድኃኒት ቤት ባለቤት እንደመሆናቸው ሰውንም የሚያዩት ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን በሚል ዓይን ነው።

ተማሪዎቹ ተቀመጡ፤ ማውዞቹ ተንቀጫቀጩ። አንድም ከተማ አልሰጠመም። ሁሉም ግን ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ሳሙና ይመስሉ ነበር፤ ዛፉ እዚያው፣ ገበያው እዚያው፣ ቤቶቹ እዚያው። እኔ በወንበሮቹ መካከል ድል እንዳደረገ ጄኔራል ደረቴን ነፍቼ እንጎራደድ ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት አንዲት ተማሪ አጠገብ ቆሙ። ልጅቷ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አለሁ» ከማለቷ በፊት የምትከራከር በመሆኗ ክፍሉ «ጠበቃዋ» ይላታል።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ጋ ዛፍ ለምን ተከልሽ?»

«ቁጥር አራት ስለሆነ።»

«ቁጥር አራት ደግሞ ምንድን ነው?»

ደብተሯን አዙራ አሳየቻቸው። «ይኸው፣ ‹ከወንዙ በላይ ዛፍ መትከል›።»

«ባትተክይስ ምን ይሆናል?»

ጠበቃዋ አሰበች። ስትከራከር እንጂ ስታስብ አይቻት ስለማላውቅ ልቤ ወረደ። «ቁጥር አራት ይቀራል» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከሦስት ወደ አምስት እሄዳለሁ።»

«ቲቸር ማርክ ይቀንሱብሻል!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ሴትዮዋ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። «ይኸማ ደብተሩ ላይ አልቋል እኮ። ኮምፒውተሩ ምን ሊሠራ መጣ?» ባለሙያው ከሞባይላቸው ቀና ሳይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ርዕሰ መምህሩ ዓይኑ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ወንበሮቹን እየደረደረ እንደሆነ ታየኝ። ሲወጣም በሚቀጥለው ሳምንት አናጢ መጥቶ መደርደሪያ እንደሚመታ ነገረን።

ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ የወንድሜ ልጅ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረች። አንዱን ባጠፋች ቁጥር ክፍሉ ጸጥ እያለ ሄደ።

«ጋሼ፣ ጌሙን አስገለበጧቸው» አለች ሳትዞር።

«አሸነፉ እኮ! ሁሉም ነው ያሸነፉት።»

«እሱ ነው የገደለን።» የመጨረሻው ማሽን ላይ ስትደርስ ሳታጠፋው ተቀመጠች። «እርስዎ እስኪያሸንፉ ስንት ከተማ ጠፋብዎ?»

«ጥቂት።»

«ጋሼ።»

«በርከት ያሉ።»

«በምሳ ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ እሰማዎት ነበር። ‹ኧረ ቁሚ! ኧረ በእናትሽ አትስጠሚብኝ!› እያሉ ማሽኑን ሲለማመጡት። የመጀመሪያዋ ለምንድን ነው የሰጠመችው?»

መልሱን ለማሳጠር ብሞክርም ግርጌ ማስታወሻ ነኝና አልቻልኩም። «ሕዝቡ ተርቦ ነበር» አልኳት። «ፊታቸውን ብታዪው አንጀት ይበላል። ደኑ ደግሞ ቅርብ ነው። ጎርፉ በዚያ ሰዓት ማን ያስበዋል? ከዚያ ሰው በዛ፤ የመጣን ሰው ሂድ አይባል ነገር። ወንዙ ዳር ሜዳ ነበር። በእኔ ቦታ ሆኖ ሌላ ነገር የሚያደርግ ሰው ካለ…»

ቆምኩ። የወንድሜ ልጅ ከዓመታት በፊት እኔው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ያንን ምዕራፍ የተማረች ናት።

«ገዢዋ ደደብ ነበር?» አለች በእኔው ድምፅ፣ መነጽር የምታወልቅ መስላ።

 በሙታን ገዢዎች ላይ ስንት ዓመት ስቄያለሁ! ዐመድና አፈር ሆነው መልስ እንደማይሰጡኝ አውቄ፣ ሰሌዳ ተደግፌ ፈርጄባቸዋለሁ። ሥልጣናቸውን ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ብዋሰው ግን የሠሩትን ሁሉ ሠራሁት፤ ያውም በቅደም ተከተል፣ ያውም መጨረሻውን እያወቅሁ። እነሱስ ምዕራፉን አላነበቡም ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

«ለልጆቹ ያልነገሯቸው ይኸን ነው» አለች። «እርስዎ ተማሩ፤ እነሱ ገለበጡ።» ከዚያ ማሽኑን አጠፋችው።

በማግስቱ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ተነሥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«መምህር፣ እርስዎን እምቢ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ታይቷል እኮ።»

«የታየው የእኔ ማስታወሻ ነው። ጌሙ ገና አልታየም። አንድ ክፍለ ጊዜ ስጠኝ።»

«ምን ሊለወጥ?»

«እሸነፋለሁ።»

አሞኝ እንደሆነ ለማረጋገጥ ፊቴን አየ። «በተማሪ ፊት?»

«በተማሪም በእናንተም ፊት።»

ስለ ትምህርት ሥነ ዘዴ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ አላስፈለገም። ግርጌ ማስታወሻ ሲሸነፍ የማየት ዕድል ተሰጥቶት እምቢ የሚል የቀድሞ ተማሪ አልተፈጠረም። «መቼ?» አለ ወዲያው።

በቀጠሮው ቀን ሰሌዳው ላይ አንድም ፊደል አልነበረም። ፕሮጀክተሩ በርቶ፣ እኔ ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ማስታወሻዬ የማይሠራበትን ሌላ ወንዝ መረጥኩ። አንድ ነገር ልደብቅ አልፈልግም፦ ሆን ብዬ፣ በክብር፣ በመረጥኩት ሰዓት ለመሸነፍ ነበር ያቀድኩት። ከልማድ የሚያመልጥ የለም፤ መሸነፉንም በነጥብ በነጥብ አዘጋጅቼው ነበር። ግን ወንዙ እቅዴን አላነበበውም።

«ቲቸር፣ ቁጥር አራት! ቁጥር አራት!»

«ቁጥር አራት እዚህ አይሠራም፤ ተራራው በዚያ በኩል ነው፣ አታይም?»

«ቲቸር፣ ደኑን እንዳይነኩት!»

«ሕዝቡ ተርቦ እኮ ነው፤ ምን ያድርጉ? ዛፍ ያብሉት?»

«ኧረ ቤት በቃ! ኧረ ቲቸር ወንዝ ዳር አይሥሩ!»

«የትስ ይሥሩ? ያንተ ቤት ጣሪያ ላይ?»

ገበያ ልሠራ ስል ወንዙ መሐል ድልድይ ዘረጋሁ፤ ድልድዩም ከየት ወዴት እንደሚያሻግር ለማንም ግልጽ አልነበረም። ገና በዝግታ ለመሸነፍ ስዘጋጅ ሰማዩ ጠቆረ። ዘላለማዊት ካቀድኩት ቀድማ፣ ካቀድኩት አስቀያሚ ሆና፣ በአንድ ሙሉ ግድግዳ ላይ ሰጠመች። ክፍሉ ሳቀ።  ወንበር እየመታ፣ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው በየዓመቱ ቀልዴ ላይ የሚሳቅልኝ የይሉኝታ ሳቅ እንደነበረ የገባኝ።

ጠበቃዋ ተነሣች። «ተቃውሞ አለኝ። ከተማዋ የጠፋችው አሁን አይደለም።»

«መቼ ነው ታዲያ?» አልኳት።

«ወንዙ ዳር ቤቶቹን ሲሠሩ። ያኔ ደስ ብሎዎት ነበር።»

«የለም፣ ከዚያ በፊት ነው» አለ ሌላው። «ደኑ ሲቆረጥ ነው ያለቀላት።»

«ባይቆረጥ በረሃብ ይሞቱ ነበራ!»

«ግማሹን ብቻ ቢቆርጡትስ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ነበሩ። ማንም መልስ ሳይሰጣቸው «እስቲ ቦታ ልቀቂልኝ» ብለው በጠበቃዋ ማሽን ፊት ተቀመጡ። ደኑን ግማሽ በግማሽ እንደ መድኃኒት መጠን ለክተው ቆረጡት። ጠበቃዋ ከትከሻቸው በላይ ሆና ስትከራከራቸው፣ እሳቸውም ሲመልሱላት፣ ከተማቸው በረሃብ አለቀች። «እንደገና» አሉ። ሌሎቹም ሳልነግራቸው ጀምረው ነበር፤ ከየማሽኑ የሰጠመ፣ የተራበ፣ የተሰደደ ሰው ጩኸት ይሰማል። ባለሙያው ሞባይላቸውን ኪስ ከትተው ሁለት ተማሪዎች «ግድብ መጀመሪያ ወይስ ዛፍ መጀመሪያ» እያሉ ሲጨቃጨቁ ሽማግሌ ሆነው ገቡ። ደወል ተደወለ፤ የተነሣ ተማሪ ግን አልነበረም። በእኔ ክፍለ ጊዜ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ከጩኸቱ በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የዘላለማዊት ገዢ ደደብ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

ጠበቃዋ ወደ እኔ ዞረች። «ደደብስ አልነበረም» አለች። «የሚታየው የቅርቡ ብቻ ነበር። ለሕዝቡ ሲል ነው ሕዝቡን ያጠፋው።» ከዚያ፣ ፍርዱ በጣም የለዘበ ስለመሰላት መሆን አለበት፣ «ማውዝ አያያዙ ግን አይጣል ነው» ብላ ጨመረችበት።

ኮሚቴው በዚያው ቀን ተሰበሰበ። ክፍሉ ለሚመጣው ዓመት እንዲቀጥል ተወሰነ፤ የወንድሜ ልጅ ኮንትራትም ታደሰ። ርዕሰ መምህሩ ባዶ እጁን መመለስ አልሆነለትምና የኋላው ግድግዳ ለወንበሮቹ ተሰጠው፤ አናጢውም መጥቶ አንድ መደርደሪያ መታ። የወንድሜ ልጅ ውሳኔውን ስትሰማ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ቀጥላም ጆሮዬ ላይ «ድልድዩ ግን ወዴት ነበር የሚሄደው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

ተማሪዎቹ ያስገለበጥኳቸውን ነጥቦች እንዲሰርዙ ነገርኳቸው፤ «ደደቦች ነበሩ» የሚለውንም የዋና ቀልድ ከምዕራፉ አወጣሁት። በቀጣዩ ዓመት ስለ ከተሞች አወዳደቅ አንዲት ቃል ከመናገሬ በፊት፣ እያንዳንዱ ተማሪ በገዛ እጁ አንድ ከተማ እንዲያጠፋ አደረግሁ።